ሰርጉ እስኪያልፍ

በኮምቦልቻ ሦስት ሰዎች ማለዳ ጎን ለጎን አይሄዱም። ሕግ የከለከለው ነገር አይደለም፤ ጎረቤት እንዳይደነግጥ ሰው በገዛ ፈቃዱ የተወው ነው። ሦስት ባልደረቦች ወደ ሥራ አብረው ቢወጡ አንደኛው ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ይልና ወደ ኋላ ይቀራል። ሦስት ሆኖ በንጋት የሚመጣ ሰው የሚመጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ስለሆነ ነው።

አቶ ይመር እንድሪስ ከእነዚያ ከሦስቱ አንዱ ነበሩ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ ከተሰናበቱ ወዲህ የእድራቸው ዜና አድራሽ ሆነው ኖረዋል። አብረዋቸው የሚወጡት ወይዘሮ ትርንጎና አቶ ሽበሺ ናቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ሰውን የማባበል ጸጋ ያላቸው፣ የውሃ ኮዳ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። አቶ ሽበሺ አይናገሩም፤ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ግን ከክንዳቸው አምልጦ መሬት ነክቶ አያውቅም። ሦስቱ ዳቦ መግዛት ሲያስፈልጋቸው በየተራ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ተሳስተው አብረው ቢሄዱ፣ ዳቦ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ማን እንደሞተበት ሳይጠይቅ ማልቀስ ጀምሮ ነበር።

ደንቡ የተወለደው ከርኅራኄ ነው። በአያቶቻቸው ዘመን ሰው ሕመሙን ከስልኩ ላይ ብቻውን ያነብ ነበር ይባላል። ገበያ መካከል ያነባል፤ ታክሲ ውስጥ ያነባል፤ ልጅ አዝሎ እያለ ያነባል፤ አንብቦም የሚደግፈው አጥቶ ይወድቃል። አገሩ ይህን አይቶ መከረ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ቀድሞም የሚያውቅ ሕዝብ ነበርና ማሽኖቹን ያንኑ አስተማራቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ወደ እድሩ ቤት ሄዶ ጣቱን በንባብ ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል፤ ሰሌዳው ጠብታ ደም ይወስዳል፤ ባለጣቱም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደህና ከሆነ ዝም ይባላል። ደህና ካልሆነ ወሬው በቅድሚያ ወደ ዜና አድራሾቹ፣ ከእነርሱም ወደ ቅርብ ዘመድ ይሄዳል። ዘመድ ተማክሮ የሚነገርበትን ቀን ይቆርጣል። በተቆረጠው ቀን፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ሦስቱ በር ያንኳኳሉ።

ስለዚህ በከተማዋ ውስጥ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀውን የራሱን ነገር እርሱ ብቻ የማያውቅ ሰው ምንጊዜም አይጠፋም። ዘመዶቹ በድንገት ሲለሰልሱለት ይጠረጥራል። በኮምቦልቻ ደግነት ያስፈራል።

የዘሐራ አሊ ዜና የመጣው በግንቦት ሙቀት ነው።

ዘሐራ የገመድ መንገዱ ረዳት ናት። ኮምቦልቻ ቀን ቀን ሰው የማይችላት ሆና ከጋለች ወዲህ፣ ነዋሪው ረፋድ ላይ በገመድ በተንጠለጠሉ ፉርጎዎች ወደ ደሴ ብርድ ይወጣል፤ ሲመሽ ይወርዳል። ፉርጎዎቹ በራሳቸው ይሄዳሉ፤ በራሳቸው ይቆማሉ። በመጀመሪያው ዓመት ግን ሰው አልሳፈር አለ፤ ጠርቶ የማያስገባውን፣ «ጠጋ በሉ» ብሎ የማይቆጣውን ነገር አላመነውም። አስተዳደሩ ቢጨንቀው ረዳት ቀጠረ። ዘሐራም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሩ ላይ ቆማ ትጮኻለች፦ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው ደሴ! እናንተ ወፍራሞች፣ ለገመዱ እዘኑለት እንጂ!»

እንደ ብዙ ሰው እርሷም ሦስቱን ፈርታ ለዓመታት ጣቷን ከሰሌዳው ስትደብቅ ኖራለች። በዚያ ዓመት ግን አንድ ልጇን ሰሚራን ልትድር ሆነ፤ የሰርጉ አዳራሽ ደግሞ ሁለቱ ሙሽሮችና ወላጆቻቸው ሳይነበቡ አይፈቀድም። እናትም ልጅም ጣታቸውን ሰጡ። ስለ ልጂቱ ዝም ተባለ። ስለ እናቲቱ የወጣው ቃል አጭር ነበር፦ ሄፓታይተስ ሲ፤ ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ጉበቷ መጎዳት ጀምሯል፤ ከባድ ዜና።

አቶ ይመር ወደ ጤና ጣቢያው ወረዱ። ነርሷ ሲስተር አይናዲስ መደርደሪያ እያስተካከለች አገኟት።

«ይህ የጉበት ነገር ይገድላል?» አሉ።

«ከተተወ አዎ። ቀስ ብሎ ጉበትን ጠባሳ በጠባሳ ያደርገዋል፤ እስከ ካንሰርም ይደርሳል። ክፋቱ፣ ሰውየው ምንም ሳያመው እንደ ልቡ ይሮጣል። ከታከመ ግን...» ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ ካርቶን አንስታ አሳየቻቸው። «ይኸው ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን፤ ለሦስት ወር። ከመቶ ሰው ከዘጠና አምስቱ በላይ ይድናል።»

«ታዲያ ከባድ ዜና ያሰኘው ምንድን ነው?»

«ድሮ የተመደበ ነው አባቴ። መድኃኒቱ ገና ለጥቂቱ ብቻ ይደርስ በነበረ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ምደባውን ማንም አልነካውም።» ካርቶኑን ወደ ቦታው መለሰችው። «እስኪነገራት ድረስ ግን ልሰጣት አልችልም። ሰው ሳያውቅ አይታከምም።»

የዘሐራ ታላቅ ወንድም ሁሴን በአንድ ግቢ ከእርሷ ጋር የሚኖር፣ ቁመቱ መለሎ፣ ቃሉ ጠንካራ የሆነ ሰው ነው። አቶ ይመርን ጓሮ ወስዶ አስቀመጣቸው። ሰሚራም በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሰርጉ ይለፍ» አለ ሁሴን ሁሉንም ከሰማ በኋላ። «አንድ ልጇን እየዳረች ነው። እንዴት አድርጌ ደስታዋን ላጥፋ?»

«መድኃኒት እኮ አለው።»

«ሰርጉ ይለፍ፣ አያ ይመር።»

ደንቡ ከዘመድ ጋር መከራከርን አይፈቅድም። አቶ ይመር ሰርጉ መቼ እንደሆነ ብቻ ጠይቀው ተነሡ። ሰኔ ነበር። ሰኔ ሲደርስ የሙሽራው አባት ታመሙና ሰርጉ ወደ መስከረም ተላለፈ። ዜናውም ከሰርጉ ጋር አብሮ ተላለፈ።

እንዲህ ያለውን ነገር ከዚህ ቀደምም አይተዋል። አንድ አናጢ ነበር። ዘመዶቹ መጀመሪያ የልጁ ፈተና፣ ቀጥሎ ፍልሰታ፣ ቀጥሎ የአዲሱ ቤት ምርቃት ይለፍ አሉ፤ ሁሉም አለፈ። በመጨረሻ ሦስቱ በሩን ያንኳኩት ለእርሱ ሊናገሩ ሳይሆን ስለ እርሱ ሊናገሩ ሆነ።

በነሐሴ አንድ ረፋድ ወደ ደሴ ሊወጡ ወደ ገመዱ ጣቢያ ሲደርሱ ዘሐራ ከሩቅ አየቻቸው።

«ጋሼ ይመር! ብቻዎን ነዎት? ሁለቱን የት ጣሏቸው? እናንተ፣ አትደንግጡ፤ ሰውየው ብቻቸውን ናቸው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። አቶ ይመርም ፈገግ ብለው ጥግ ያዙ። ፉርጎው ከጣቢያው ወጥቶ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ዘሐራ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ቀረብ ብለው ሲያዩዋት ከስታለች፤ የዓይኗ ነጩ ወደ ቢጫ አድልቷል።

«ሰዎቼን ምን ነክቷቸው ነው ይላሉ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሁሴን፣ ያ ክፉ ሁሴን፣ "እህት ዓለሜ ቁጭ በይ" ይለኛል። ዕድሜ ልኩን "ተነሺ!" ሲለኝ የኖረ ሰው! ማለዳ ማለዳ በማር የተለወሰ መራራ ቅጠል ያቀርብልኛል፤ የሙሽራ እናት ፊቷን ያጠራል ይላል። ያንን ከጀመርኩ ወዲህ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል። ብርጭቆዬ ደግሞ ቀይ ክር ታስሮበት ለብቻው መስኮት ላይ ተቀምጧል።»

አቶ ይመር ዓይናቸውን ወደ ሸለቆው መለሱ።

«ጋሼ ይመር» አለች እጃቸውን ይዛ። «ሰሚራ ነገር አላት? ልጄ ልትሞትብኝ ነው? እናንተ ታውቃላችሁ።»

«ሰሚራ ደህና ናት።»

«ይማሉ?»

«እምላለሁ።»

አላመነቻቸውም። ዜና አድራሽ ከቀኑ በፊት እውነት እንደማይናገር በከተማው የታወቀ ነው።

አቶ ይመር ከደሴ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ሲስተር አይናዲስ የቅጠሉን ነገር ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሉት ነው። ደህናው ጉበት እንኳ አይችለውም፤ የእርሷ እንዴት ሊችለው? በዚሁ ከቀጠለች መስከረምን አትጠብቅም። ኪኒኑ የማይመልሳት ቦታ ላይ ትደርሳለች።»

አቶ ይመር ይህንኑ ይዘው ወደ ሁሴን ቢሄዱም አልተበገረም። «አባቴ በዚህ ቅጠል ስንቱን አድኗል! ዓይኗ ቢጫ ሲሆን እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«ቢጫ ያደረገው ምናልባት ቅጠልህ ነው። ብርጭቆውንስ ለምን ለየህ?»

«ቤቱ ውስጥ ልጆች አሉ።»

«በብርጭቆ አይተላለፍም ሁሴን። በመብልም፣ በመሳሳምም አይተላለፍም። በደም ነው። ዛሬ እንንገራት።»

«ሰርጉ ይለፍ አልኩ! ወንድሟ እኔ ነኝ። ያለ እኔ ፈቃድ አፍህን ከከፈትክ ከእድሩ ትወጣለህ። በስተርጅና ቀባሪ አጥተህ ልትቀር?»

ዛቻው ባዶ አልነበረም። አቶ ይመር ቤታቸው ሳይገቡ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ዘንድ አለፉ። ወይዘሮ ትርንጎ ነገሩን ሰምተው ነጠላቸውን አነሡ።

«አብሬህ ልምጣ?» አሉ።

«ሁለት ሆነን ብታየን ሦስተኛውን በዓይኗ ስትፈልግ ነፍሷ ይወጣል። ብቻዬን ይሻላል።»

«እንግዲያው ውሃ ያዝ» ብለው ኮዳቸውን ሰጧቸው።

ቀትር ላይ ወደ ታች የሚወርድ ፉርጎ ባዶ ነው፤ በዚያ ሰዓት ወደ ግለቱ የሚመለስ ሰው የለም። በማግስቱ አቶ ይመር ደሴ ላይ ጠብቀው ከዘሐራ ጋር ብቻቸውን ወረዱ።

«ዘሐራ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ተቀመጪ የሚለኝ ሰው በዝቷል።»

«እንግዲያው ቆመሽ ስሚ። ነገሩ የሰሚራ አይደለም፤ ያንቺ ነው። ደምሽ ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ፤ ሄፓታይተስ ሲ ይባላል። ጉበትሽን መጉዳት ጀምሯል። መድኃኒት አለው፤ ያድናል።»

በሥራቸው ዘመን ሁሉ ይህን ያህል አጭር ነገር ተናግረው አያውቁም። የለመዱት ከሩቅ መጀመር፣ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ ማውራት፣ ሰሚው ራሱ እስኪደርስበት መጠበቅ ነበር። ገመዱ ከላያቸው ያፏጫል። ከበታቻቸው የክረምቱ ሸለቆ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል።

«የኔ ነው?» አለች።

«ያንቺ ነው።»

«የሰሚራ አይደለም?»

«አይደለም።»

ዘሐራ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አልሐምዱሊላህ! እኔ እኮ ልጄን በልቤ ቀብሬ፣ ሀዘን ተቀምጬ ነበር!» ሳቋ በመካከሉ ተቆረጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?»

«ከግንቦት።»

«መድኃኒቱስ ከመቼ ጀምሮ አለ?»

«ከግንቦት በፊት።»

ከወንበሩ ተነሥታ መስኮቱን ተደገፈች። «ሁሴንን እገድለዋለሁ» አለች በእርጋታ። «መጀመሪያ ኪኒኑን ልዋጥ፤ ጉልበት ላግኝ፤ ከዚያ እገድለዋለሁ።» ከአፍታ በኋላ ዞር ብላ፣ «ከየት ያዘኝ?» አለች።

«በእርግጠኝነት የሚነግርሽ የለም። ደም የነካው ምላጭ፣ በቅጡ ያልተቀቀለ መርፌ፣ ንቅሳት ሊሆን ይችላል።»

ዘሐራ ሳታስበው ጣቷ ወደ ድዷ ሄደ። ልጅ ሳለች የድድ ንቅሳት ፋሽኑ ተመልሶ መጥቶ፣ የሰፈሩ ልጃገረዶች ተሰብስበው በአንዲት ሴት ደጅ ተነቅሰው ነበር።

«በአንድ መርፌ ነው የተነቀስነው» አለች። «እነዚያስ ያውቃሉ?»

ቅጠሉን በዚያው ቀን ተወች፤ ሲስተር አይናዲስም ጉበቷን ዳግመኛ መርምራ ኪኒኑን ጀመረችላት። ሁሴን ለእድሩ ከሰሰ። እሑድ ረፋድ ጉባኤው ሲሰበሰብ ዳኛው ደንቡን አነበቡ፤ አቶ ይመርም ጥፋቱን አልካዱም። ሊፈረድ ሲል ዘሐራ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ኪኒኗን ከመሐረቧ ፈታች፤ ሁሉም እያያት ዋጠችው፤ ውሃም ጠጣችበት።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል፣ ስለ ራሴ ያልተነገረኝ ነገር የለም ብሎ እርግጠኛ የሆነ ሰው እጁን ያውጣ።»

ማንም እጁን አላወጣም። ሰው በአጠገቡ የተቀመጠውን ሚስቱን፣ ልጁን፣ ወንድሙን በጎን ማየት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ያለ ምክንያት የተገዛለት ጫማ፣ በድንገት የተቋረጠ ጭቅጭቅ ትዝ አለው። ዳኛውም እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አላነሡም።

ከኋላ አንዲት ባልቴት፣ «ትርንጎዬ፣ ስለ እኔስ አለ?» አሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ዳኛውን ተመለከቱ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ስለ እኔስ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጉባኤው ጉባኤ አልነበረም። ሰው በወይዘሮ ትርንጎና በአቶ ሽበሺ ፊት ተሰለፈ። አቶ ሽበሺ በዕድሜያቸው ያልተናገሩትን ያህል በጆሮ በጆሮ ሲያንሾካሹኩ ዋሉ። የሚያለቅስ ነበር፤ የሚስቅ ነበር፤ «ይህችን ነው የደበቃችሁኝ?» ብሎ ዘመዱን የሚያሳድድ ነበር። ተከሳሹ አቶ ይመርም ተራቸውን ጠብቀው ቀረቡ።

«ስለ እኔስ፣ ትርንጎ?»

«ያንተ ደም ግፊት ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ ሚስትህ በየገበያው ነግራልሃለች።»

በዚያው ሰሞን ደንቡ ተሻሻለ። ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው «ለእኔ ይነገረኝ» ወይም «ለዘመዴ ይነገር» ብሎ ራሱ ይመርጣል፤ መድኃኒት ያለው ሕመምም ከከባድ ዜና ወጣ። አቶ ይመር ከእድሩ አልተባረሩም፤ ደንብ ጥሰዋልና ከዜና አድራሽነት ግን ተነሡ። በአንድ መርፌ የተነቀሱት ሴቶች ዘሐራ እየጎተተቻቸው፣ እየሰደበቻቸው፣ ወደ ሰሌዳው መጡ። ብዙዎቹ ነጻ ሆኑ። የተገኘባቸውም ኪኒኑን ጀመሩ። ለአንዷ ብቻ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ዘሐራ እስከ መጨረሻው ከአልጋዋ አጠገብ አልጠፋችም።

ሰርጉ በመስከረም ሆነ። ሁሴን ለቀናት ሲሸሻት ሰንብቶ፣ በሰርጉ ዕለት እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት መጣ፤ የብርጭቆዋን ቀይ ክር በጥርሱ በጠሰና እርሷ ባስቀረችው ውሃ ጉሮሮውን አራሰ።

«ቅጠልህን ነበር ልትጠጣው የሚገባ» አለችው ዘሐራ። ግን ከፊቷ ካለው ትሪ ጠቅልላ አጎረሰችው፤ ትልቅ ስለነበር ሊታነቅ ደረሰ።

ኪኒኑ በኅዳር አለቀ። ሲስተር አይናዲስ፣ ቫይረሱ መጥፋቱ የሚረጋገጠው ከሦስት ወር በኋላ በድጋሚ ምርመራ እንደሆነ፣ ጉበቷ ክትትል እንደሚያስፈልገው፣ የዳነ ሰውም ምላጭና መርፌ ከተጋራ እንደገና ሊያዝ እንደሚችል ነገረቻት። ዘሐራ ሁሉንም ሰምታ፣ «ምላጭ የሚጋራኝ ከየት አገኛለሁ፤ ጢም የለኝ» አለች።

በየካቲት አንድ ረፋድ አቶ ይመር በተለመደው ጥጋቸው ተቀምጠው ወደ ደሴ ሲወጡ፣ ዘሐራ በመካከሉ መጥራቷን አቆመች። ጆሮዋ ላይ ያለውን ማዳመጫ በጣቷ ይዛ ታዳምጣለች። የእድሩ ሰሌዳ የድጋሚ ምርመራዋን ውጤት ለእርሷ ብቻ እያሰማት እንደሆነ ገባቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰው ቀድመው የሰው ነገር ሲያውቁ የኖሩት ሽማግሌ፣ አሁን ምንም አያውቁም። ግን አልጠየቁም።

ቀስ ብላ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አይጠይቁኝም?»

«ያንቺ ነው።»

መዳፎቿን ዘርግታ አየቻቸው። «የለም ይላል» አለች። «በደሜ ውስጥ የለም ይላል።»

«እሰይ!»

«ለሰሚራ ልደውል? ወይስ ለሁሴን?»

«እንደ ፈቀድሽ።»

እጇን ወደ ስልኳ ሰደደችና መለሰችው። «ትንሽ ላቆየው» አለች። «የራሴን ነገር ከሰው ሁሉ ቀድሜ ሳውቅ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።»

ፉርጎው ወደ ጉም ገባ። ደሴም ኮምቦልቻም ከዓይን ጠፉ። አቶ ይመር ከእርሷ ፊታቸውን መልሰው፣ ምንም በማይታይበት መስኮት ወደ ውጭ መመልከት ጀመሩ።